የአቃቂና የቃሊቲ አነስተኛ ነጋዴ፤ የግብሩና የብድሩ ዕዳ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተዘረጉት ቃሊቲና አቃቂ ዛሬ በአንድነት ከዋና ከተማዋ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሆነው ይቈጠራሉ። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የተባሉት ወንዞች በዚህ አገር አልፈው በአባ ሳሙኤል ይገናኛሉ። የአገሩ ነባር ነዋሪ ጤፍና ስንዴ የሚያርሰው፣ ከብት የሚያረባው የቱለማ ኦሮሞ ሲሆን፣ የባቡር ሐዲድ፣ ፋብሪካና አውራ ጎዳና በየተራ ሲመጡ ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የፈለሰ ሠራተኛና ነጋዴ ተጨምሮበታል። በዚህ ምክንያት የገበሬው፣ የወዛደሩና የነጋዴው ኑሮ በአንድ ስፍራ ተደባልቆ ይታይበታል፤ የገበያን ታሪክ ለሚመረምር ሰውም ጠቃሚ አገር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ በዚህ አገር የሚሠራው አነስተኛ ነጋዴ፣ ይኸውም ባለሱቁ፣ ባለወፍጮው፣ ባለጋራዡ፣ ብሎኬት አምራቹና የምግብ ቤቷ ባለቤት፣ በመንግሥት ግብርና በብድር ዕዳ ወደ ኋላ የሚቀርበት ምክንያት ከየት እንደ መጣ በታሪክ መንገድ መመልከት ነው። ነገሩ ዘወትር በሁለት አፍ ይነገራል። ግብር ሰብሳቢው ነጋዴው ገቢውን ይደብቃል ይላል፤ ነጋዴው ደግሞ ግምቱ ከዐቅሜ በላይ ነው ይላል። በሁለቱም አነጋገር ውስጥ ከፊል እውነት አለ፤ ነገር ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ አልፈው ይሄዳሉ። የሚከፈለው ብዙ፣ በእጅ ያለው ጥቂት በሆነበት ጊዜ፣ ሰው ማንን አስቀድሞ ይከፍላል? ማንንስ ያስከትላል? የዕዳ ታሪክ በመጨረሻው የዚህ ተራ ታሪክ ነው፤ ተራው ደግሞ በየዘመኑ ለዕዳው መያዣ ከሆነው ነገር ጋር አብሮ ሲለወጥ ኖሯል።

ዕዳና ዋስ በቀድሞው ሥርዐት

በቀድሞው የኢትዮጵያ ልማድ ብድር የሚቆመው በሰው ላይ ነበር። ተበዳሪው ዋስ ይጠራል፤ ተበዳሪው ቢያጎድል ዋሱ ከራሱ ገንዘብ ይከፍላል። ዋስ ያጣ ባለዕዳ ግን ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ይቈራኝ ነበር። ቁራኛ የተባለው ይህ ሥርዐት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ይታይ እንደ ነበር የውጭ አገር ተጓዦች ጽፈዋል፤ ፎቶግራፍም አንሥተዋል። ባለዕዳውና ባለገንዘቡ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስም አይለያዩም።

ከዚህ ሥርዐት ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባል። መጀመሪያ፣ የዕዳው መያዣ ከንብረቱ ይልቅ የባለዕዳው አካልና የወዳጆቹ ክብር ነበር። ሁለተኛ፣ ሰንሰለቱ አበዳሪውንም ያስር ስለ ነበር ጉዳዩ እንዲራዘም አይፈልግም ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ሳይወዱ በግድ ወደ ሽማግሌና ወደ ዕርቅ ይገፋፉ ነበር። ሥርዐቱ ጨካኝ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሆኖም ዕዳ ያለ ፍጻሜ እያደገ እንዲኖር አይፈቅድም።

በገጠር ደግሞ ወለድ አግድ የሚባል ስምምነት ነበር። ተበዳሪው መሬቱን ለአበዳሪው ይለቅለታል፤ አበዳሪው መሬቱን እያረሰ ምርቱን በወለድ ፈንታ ይበላል፤ ዋናው ገንዘብ በተመለሰ ጊዜ መሬቱ ለባለቤቱ ይመለሳል። ፍትሐ ነገሥት አራጣን የሚያወግዝ ቢሆንም፣ አራጣ ከገበያና ከመንደር ጠፍቶ አያውቅም። በሚያዝያ 1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ይህም ጥንት በሃይማኖት የተወገዘውን ነገር በቍጥር ለመገደብ የተደረገ ሙከራ ነበር።

የመንግሥት ግብር አከፋፈልም የራሱ ጠባይ ነበረው። ገበሬው ከምርቱ ዐሥራት ይሰጣል፤ ይህን ዐሥራት ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ለወታደሩ ቀለብ እንዲሆን በዐዋጅ ወስነውታል። ነጋዴው ግን ግብሩን የሚከፍለው ዕቃው በኬላ ሲያልፍና በገበያ ሲሸጥ በነጋድራሱ ሹማምንት አማካይነት ነበር። የኬላው መብዛት ንግድን ያደኸይ እንደ ነበር ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው በሰፊው አመልክተዋል። ይሁን እንጂ ኬላ አንድ ነገር ነበረው፤ ይኸውም ነጋዴው የሚከፍለው ዕቃው በእጁ ባለበት ሰዓት ስለ ሆነ የዓመት ግብር ውዝፍ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ያለው ያልፋል፤ የሌለው ይመለሳል። ውዝፍ የተወለደው ግብር ከመንገድ ወጥቶ ወደ ዘመን መቍጠሪያ በገባ ጊዜ ነው።

ባቡር፣ ፋብሪካና ዱቤ

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ብዙ ዓመታት ቈይቶ በ1907 ዓ.ም. ገደማ አቃቂ ገባ፤ ከአዲስ አበባ የሚለየው 23 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አቃቂ ለሁለት ዓመታት ያህል የሐዲዱ መጨረሻ ሆና፣ ከባቡር የወረደው ዕቃ በጋማ ከብት ወደ ዋና ከተማው የሚጫንባት ስፍራ ነበረች። የሐዲድ መጨረሻ በሆነ ስፍራ ሁሉ የሚሆነው በአቃቂም ሆነ፤ ጫኝና አውራጅ፣ የሚያርፍ መንገደኛ፣ ምግብና መጠጥ ሻጭ በአንድነት ይከማቻሉ።

ከነጻነት በኋላ ደግሞ ፋብሪካ መጣ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በሕንድ የቢርላ ቤተ ሰብ ተሳትፎ በአቃቂ የተቋቋመው የሕንድና የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅ ማኅበር ከሁሉ የታወቀው ነው። ፋብሪካው ለሠራተኛው ደመወዝ የሚከፍለው በተወሰነ ቀን ስለ ነበር፣ ከአንዱ ክፍያ እስከ ሌላው ክፍያ ባለው ጊዜ ውስጥ የሠራተኛው ቤት የሚተዳደረው በዱቤ ነበር። ባለሱቁ ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ሳሙናውንና ጋዙን ይሰጣል፤ በደብተሩ ይጽፋል፤ የደመወዝ ቀን ይሰበስባል።

ይህ የዱቤ ደብተር ለዚህ ጥናት ዋና ነገር ነው። ባለሱቁ ነጋዴ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ አበዳሪ ነበር። የሚያበድረው ገንዘብ ግን ብዙውን ጊዜ የራሱ አይደለም፤ ዕቃውን ራሱ ከመርካቶ ጅምላ ሻጭ በዱቤ ያመጣል። ከጅምላ ሻጩ እስከ ፋብሪካው ሠራተኛ ቤት የተዘረጋው ይህ ሰንሰለት ከአንዱ ቀለበት ቢበጠስ የሚወድቀው መካከለኛው ነው። ፋብሪካ ሲዘጋ፣ ደመወዝ ሲዘገይ ወይም ሠራተኛ ሲቀነስ የመጀመሪያው ኪሣራ በፋብሪካው መዝገብ ሳይሆን በባለሱቁ ደብተር ላይ ይጻፋል። ይህ ደብተር ግን በባንክ ዘንድ እንደ ንብረት አይቈጠርም፤ የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ ነጋዴም የማይመለስ ዱቤ ከግብሩ አይቀነስለትም።

ባለሱቁ ከዚህ የተነሣ ለሚደርስበት ጭንቅ መድኃኒት የፈለገው በዕቁብ ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ባወጡት ጥናት እንደ ተመለከተው፣ ዕቁብና ዕድር በከተማ የተሰበሰበ፣ ከዘመዱ የራቀ ሰው ራሱን የሚረዳባቸው ማኅበራት ናቸው። የዕቁብ ዳኛና ጸሓፊ አለ፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው። የተቸገረ አባል በሌሎቹ ፈቃድ ተራው እንዲቀድምለት መለመን ይችላል። እንግዲህ የቀድሞው የዋስ ሥርዐት ከችሎት ወጥቶ በገበያ ውስጥ የተጠለለው በዕቁብ ነው ማለት ይቻላል።

ዓመታዊ ግብርና ባንክ

የንግድ ትርፍ ግብር በዘመናዊ መልክ የተደነገገው በ1936 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቍጥር 60 ነው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የገቢ ግብር ዐዋጅ ቍጥር 173 ሥርዐቱን አሰፋው፤ የሒሳብ መዝገብ የሌለው ነጋዴ ገቢው በግምት እንዲወሰንም ለግብር ባለሥልጣኑ መብት ሰጠ። ግምት የተባለው ቃል ከዚያ ወዲህ ከአነስተኛው ነጋዴ ሕይወት አልወጣም።

የባንኩም ታሪክ በዚሁ ዘመን ይገጥማል። የአቢሲኒያ ባንክ በ1897 ዓ.ም. ውል ተፈቅዶለት በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ተቋቋመ፤ በ1956 ዓ.ም. ሥራው ለብሔራዊ ባንክና ለንግድ ባንክ ተከፈለ። በዚያው ዘመን የአዲስ አበባ ባንክ የተባለው የግል ባንክ ተከፈተ። ነገር ግን ባንክ የሚያበድረው በሰው ዋስትና ሳይሆን በንብረት መያዣ ነበር፤ መያዣውም ቤትና መሬት ነው። በአቃቂ ርስት የሌለው፣ በኪራይ ቤት የሚነግድ ባለሱቅ ከባንኩ ደጅ አይደርስም። ስለዚህ አነስተኛው ነጋዴ መንግሥቱን በአዲሱ ሥርዐት፣ ዕዳውን በአሮጌው ሥርዐት እየከፈለ በሁለት ዘመን መካከል ቆመ።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ

ባንኮች በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ተወረሱ፤ ፋብሪካዎች በጥር ተከተሉ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የዚህ ዐዋጅ ውጤት ከቤት ኪራይ አንፃር ብዙ ተነግሮለታል፤ ከብድር አንፃር ግን ያን ያህል አልታሰበበትም። የከተማ ቦታ የግል ንብረት መሆኑ ሲቀር አነስተኛው ነጋዴ ምናልባት አንድ ቀን ለባንክ ሊያስይዘው ይችል የነበረውን ነገር ከነተስፋው አጣው። የቀበሌ ሱቅ ተከራይ ሆነ፤ የቀበሌ ሱቅ ደግሞ መያዣ አይሆንም።

በታኅሣሥ 1968 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ዐዋጅ የግል ነጋዴው ካፒታል በችርቻሮ ከ200,000 ብር፣ በጅምላ ከ300,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰነ። በቀጠሉት ዓመታት የከፍተኛ ገቢ ግብር መጣኔ ከ80 በመቶ በላይ ወጣ፤ ባንኮችም ለመንግሥት ድርጅትና ለኅብረት ሥራ ማኅበር ዝቅ ባለ፣ ለግል ነጋዴ ግን ከፍ ባለ ወለድ ያበድሩ ነበር። ሰው በግልጽ ማደግ ከተከለከለ በስውር ማደግን ይማራል። ገቢን መደበቅ፣ ገንዘብን በቤት ማስቀመጥ፣ ደረሰኝን መሸሽ በከፊል የዚያ ዘመን ትምህርት ናቸው። ዛሬ ግብር ሰብሳቢው የሚያማርርበትን ልማድ ከነጋዴው ክፋት ብቻ የመጣ አድርጎ መቍጠር ይህን ታሪክ መርሳት ይሆናል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የካፒታሉ ገደብ ተነሣ፤ የግብሩም መጣኔ በየጊዜው ወርዶ እስከ 35 በመቶ ደረሰ። የግል ባንኮች ተፈቀዱ። በ1988 ዓ.ም. የአነስተኛ ብድር ተቋማት ሕግ ወጣ፤ በ1992 ዓ.ም. አዲስ የብድርና ቍጠባ ተቋም በዋና ከተማው ሥራ ጀመረ። መያዣ ለሌላቸው ሰዎች ብድሩ የሚሰጠው በቡድን ዋስትና ነበር፤ አንዱ አባል ቢያጎድል ሌሎቹ ይጠየቃሉ። የጥንቱ ዋስ በዚህ መልክ በመንግሥት እጅ ተመለሰ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የጥንቱ ዋስ ተበዳሪውን ከልጅነቱ የሚያውቅ ወዳጅ ወይም ዘመድ ነበር፤ የቡድኑ አባላት ግን ብዙ ጊዜ ለብድሩ ሲሉ የተሰባሰቡ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለው ቡድን በደኅና ቀን ይቆማል፤ በክፉ ቀን ይበተናል።

ባንኮች በበኩላቸው በ1990 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቍጥር 97 መሠረት፣ ያልተከፈለ ብድር ሲኖር ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ መያዣውን በሐራጅ የመሸጥ ሥልጣን አገኙ። ባንክ ያልደረሰበት ነጋዴ ደግሞ ወደ አራጣ ይሄዳል። አራጣ አበዳሪው የሚቀበለው መያዣ ቼክ ነው። ቀኑ ክፍት ሆኖ የተፈረመ ቼክ በባንክ በቂ ገንዘብ ሳይኖረው ሲቀርብ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 እስራት ያስከትላል። አራጣ ራሱ በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአራጣ ክስ የተፈረደባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ቼኩ ሲቀርብ የሚታየው ፊርማ እንጂ ከፊርማው በስተጀርባ ያለው ወለድ አይደለም። በዚህ መንገድ ቁራኛ በሌላ ስም ተመለሰ፤ የዕዳው መያዣ ዳግመኛ የሰው አካል ሆነ። ልዩነቱ አሁን የሚታሰረው ባለዕዳው ብቻ መሆኑ ነው። አበዳሪው ከሰንሰለቱ ስለ ወጣ ወደ ዕርቅ የሚገፋው ነገር የለም።

ግምትና ዕቃ

የ1994 ዓ.ም. የገቢ ግብር ዐዋጅ፣ ኋላም የ2008 ዓ.ም. ዐዋጅ ቍጥር 979 ግብር ከፋዩን በሦስት ደረጃ ከፈሉት። በኋለኛው ዐዋጅ መሠረት ዓመታዊ ሽያጩ 1,000,000 ብርና ከዚያ በላይ የሆነው ደረጃ ሀ፣ ከ500,000 እስከ 1,000,000 ብር ያለው ደረጃ ለ፣ ከ500,000 ብር በታች ያለው ደረጃ ሐ ተባለ። ደረጃ ሐ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አይገደድም ነበር፤ ግብሩ የሚወሰነው በቀን ገቢ ግምት ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የተካሄደው የቀን ገቢ ግምት ውጤቱ በሐምሌ ሲገለጽ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ከፍተኛ ቅሬታ አስነሣ፤ በአንዳንድ ከተሞች ሱቆች ተዘግተው ሰነበቱ። የክርክሩ አንዱ ሥር «ገቢ» የተባለው ቃል ነው። ግምቱ የዕለቱን ሽያጭ የሚመለከት ሲሆን፣ ብዙ ነጋዴዎች የዕለት ትርፋቸው የተገመተ መስሎአቸው ደነገጡ። ይሁን እንጂ ከቃሉ አለመግባባት በታች የጠለቀ ችግር ነበር። ገማቹ ወደ ሱቅ ሲገባ የሚያየው በመደርደሪያ ላይ ያለውን ዕቃ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው ነው። ከላይ እንደ ተመለከተው ግን ዕቃው በዱቤ የመጣ፣ ገዢውም በዱቤ የሚወስድ ሊሆን ይችላል። የሞላ ሱቅ ሁልጊዜ የባለጸጋ ሱቅ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ የባለዕዳ ሱቅ ነው። ስለዚህ ግምት በዐይን ሲሆን ዕዳን እንደ ሀብት ቈጥሮ ግብር ሊጥልበት ይችላል።

ከፍ ባለው ደረጃ ያለውም ሰው ከዚህ ችግር ነጻ አይደለም። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ በተስፋፋበት ዘመን ብዙ ጥቃቅን ማኅበራት ብሎኬትና የብረታ ብረት ሥራ በማቅረብ ተቋቁመዋል። የተጨማሪ እሴት ታክስ ግዴታ ደረሰኙ በተቈረጠ ጊዜ ይጀምራል፤ ገንዘቡ ግን ዘግይቶ ሊከፈል ይችላል። አምራቹ እንግዲህ ያልተቀበለውን ገንዘብ ታክስ ከብድር አውጥቶ ይከፍላል፤ ካልቻለ ይወዝፋል።

የጊዜውም ምርጫ የራሱ ክብደት አለው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚያልቅ ደረጃ ሐ ግብሩን የሚከፍለው ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ነበር። ሐምሌ በአቃቂ የዝናብና የጭቃ ወር ነው፤ የግንባታ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ብሎኬት አይደርቅም፤ ወንዙ ሲሞላ በዳሩ ያለውን ሰፈር ያሰጋል። ከዚያ ቀጥሎ መስከረም የልጆችን የትምህርት ወጪ ይዞ ይመጣል። ነጋዴው እጁ ባዶ በሆነበት ወር የዓመቱን ግብር በአንድ ጊዜ እንዲከፍል ይጠየቃል ማለት ነው።

ውዝፍ እንዴት ያድጋል

የ2008 ዓ.ም. የታክስ አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 983 በጊዜው ላልተከፈለ ግብር ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ለያንዳንዱ ወር 2 በመቶ መቀጫ ይጥላል። ለምሳሌ 40,000 ብር ግብር የተወሰነበት ሰው አንድ ዓመት ቢዘገይ፣ ለመጀመሪያው ወር 2,000 ብር፣ ለቀሪዎቹ 11 ወራት በየወሩ 800 ብር፣ በድምሩ 10,800 ብር መቀጫ ይጨመርበታል። በዚህ ላይ በባንኮች ከፍተኛው የማበደሪያ መጣኔ ተመሥርቶ 15 በመቶ የተጨመረበት ወለድ አለ። መቀጫውም ሆነ ወለዱ ከዋናው ዕዳ እንዳይበልጥ በሕግ ቢገደብም፣ ዕዳው ከባንክ ብድር እንኳ የከበደ ይሆናል።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስረው ግን ወረቀቱ ነው። ውዝፍ ያለበት ሰው ከግብር ዕዳ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ አያገኝም፤ ያለዚህ ማስረጃ የንግድ ፈቃዱ አይታደስም፤ ያለታደሰ ፈቃድ ባንክ አያበድርም፤ በጨረታም መግባት አይቻልም። ዕዳውን ለመክፈል የሚያስፈልገው ሥራ በዕዳው ምክንያት ይዘጋል። በግምቱ ያልተስማማ ሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ፣ ከዚያም በ30 ቀን ውስጥ ወደ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን መሄድ ይችላል፤ ነገር ግን ለይግባኙ ከተከራከረበት ግብር 50 በመቶውን ማስያዝ አለበት። መክፈል ስላልቻለ የሚከራከር ሰው ለመከራከር መክፈል ይኖርበታል።

በነዚህ ላይ የቅርብ ዘመን ምክንያቶች ተደርበዋል። በ2006 ዓ.ም. ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ ሲከፈት፣ ቀድሞ በአቃቂ አሮጌ መንገድ ያልፍ ከነበረው ተሽከርካሪ ከፊሉ ሌላ መንገድ አገኘ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገድብ፣ እንዲህ ያለው ገደብ መጀመሪያ የሚነካው መያዣው ደካማ የሆነውን ተበዳሪ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ የመለዋወጫ ዕቃ የሚገዛው የቃሊቲ ባለጋራዥ በአሮጌ ዋጋ ሸጦ በአዲስ ዋጋ መግዛት ግድ ሆነበት።

የሕጉ ተራና የገበያው ተራ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። የ1994 ዓ.ም. ዐዋጅ ቀድሞ በመያዣ ከተረጋገጠ መብት በቀር የግብር ዕዳ ከሌሎች ባለገንዘቦች እንዲቀድም ደንግጎ ነበር። በሕጉ ዐይን እንግዲህ መያዣ የያዘው ባንክና መንግሥት ፊተኞች ናቸው፤ ጅምላ ሻጩና ዕቁቡ ኋለኞች ናቸው። በገበያው ልማድ ግን ተራው የተገለበጠ ነው። ዕቁብ ይቀድማል፤ የቀረ ሰው ዋሱን ያሳፍራልና። ጅምላ ሻጩ ይከተላል፤ ዱቤውን ካቋረጠ ሱቁ ባዶ ይሆናልና። ከዚያ የሱቁ ኪራይ፣ ከዚያ ባንኩ ይመጣል። ግብር በመጨረሻ ይቀራል፤ ፊት የሌለው፣ በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚታይ ባለገንዘብ እርሱ ነውና። ይህ ተራ ከንቀት የመጣ አይደለም፤ እያንዳንዱ ባለገንዘብ ዕለት ዕለት ምን ያህል እንደሚቀርብና ቢቀር ምን እንደሚያስከትል ከማስላት የመጣ ነው።

ከላይ የተመለከተው 40,000 ብር በ300 የሥራ ቀን ቢካፈል ለቀን የሚደርሰው ከ134 ብር አይበልጥም። ለዕቁብ በየቀኑ ከዚህ የበለጠ የሚያወጣ ነጋዴ በሐምሌ ግን 40,000 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት ያቅተዋል። የችግሩ አንድ ክፍል ስለዚህ የመጠን ሳይሆን የአሰባሰብ ነው። ዐዋጅ ቍጥር 983 ራሱ ግብር ከፋዩ አመልክቶ ዕዳውን ከፋፍሎ እንዲከፍል ይፈቅዳል፤ ይሁን እንጂ ይህ መብት የሚነሣው ጭንቁ ከደረሰ በኋላ ነው፤ አንድ ክፍያ ቢያጓድልም የቀረው በሙሉ ሊጠየቅ ይችላል።

መንግሥት ነገሩን በምሕረት የፈታበት ጊዜም አለ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከ2007 ዓ.ም. በፊት የነበረ የግብር ዕዳ ተሰረዘ፤ ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. ላለው ዕዳም ዋናውን ለሚከፍሉ መቀጫና ወለዱ ተነሣ። ምሕረቱ ብዙ ድርጅቶችን ከመዘጋት ያዳነ መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን ተበድሮ በጊዜው የከፈለው ነጋዴ የብድሩ ዕዳ ሲቀርበት፣ ያልከፈለው ጎረቤቱ ነጻ ወጣ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ነጋዴው ከመክሰሩ በፊት ዕዳውን ከባለገንዘቦቹ ጋር እንደ ገና የሚያደራጅበት ሥርዐት አስገብቷል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ደግሞ ሦስቱን ደረጃዎች ወደ ሁለት አውርዶ ወሰኑን 2,000,000 ብር አድርጎታል፤ የታችኛው ደረጃ ግብሩን የሚከፍለው በዓመታዊ ሽያጩ መጠን ነው። ይህ ግምትን ሊያቀልለው ይችላል፤ ሽያጭ ትርፍ እንዳልሆነ ግን አሁንም መታሰብ ይኖርበታል፤ ይልቁንም በዱቤ ለሚሸጥ ሰው።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ቁራኛን መመኘት አይደለም። ቁራኛ ግን አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ ባለዕዳውንና ባለገንዘቡን በአንድ ስፍራ ያገናኛል፤ ዕዳውም በሁለቱ ፊት ይቈጠራል። የዛሬው የአቃቂ ነጋዴ ባንኩን፣ ግብር ሰብሳቢውን፣ ጅምላ ሻጩንና ዕቁቡን ለየብቻ ያነጋግራል፤ እያንዳንዳቸው የሌላውን ሒሳብ አያዩም፤ ሁሉም በየፊናቸው መብታቸውን በሕግ ሲያስከብሩ ሱቁ ይዘጋል። ሱቁ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ መንግሥትም፣ ባንክም፣ ዕቁብም በአንድነት ያጣሉ። አዲሱ የንግድ ሕግ ያስገባው የዕዳ ማደራጃ ሥርዐት በትልልቅ ማኅበራት ችሎት ብቻ ሳይቀር እስከ ባለወፍጮውና እስከ ባለሱቋ ቢወርድ፣ የግብሩም አሰባሰብ የነጋዴውን ወራትና ቀናት ቢከተል፣ የቀድሞው ሽማግሌ ይሠራው የነበረው ሥራ ያለ ሰንሰለት ሊሠራ ይችላል።